አርባ ሁለት ቤት፣ ሦስት ፍሪጅ

እናቴ ፍሪጅ የለኝም ብላ አስመዘገበች። ይህን ያነበብኩት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ ጀርባዬን ለፍሪጁ ሰጥቼ ተቀምጬ ነው። እሱም ከኋላዬ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አገሩ የተዛወረ መምህር በአሥራ አራት ሺህ ብር ሸጦልን የሄደ ፍሪጅ ነው። ማድቤት ጢስ ይበላዋል ተብሎ ሶፋው አጠገብ ቆመ፣ ዳንቴል ለበሰ፣ በላዩም የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠበት። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በእጄ ያለው ዝርዝር ግን «ብዙወርቅ ይመር፣ የቤተሰብ ብዛት ሁለት፣ አምፖል አንድ፣ ስልክ ሁለት፣ ፍሪጅ የለም» ይላል፤ ከጎኑም «ብ»ን በርጩማ አስመስላ የምትጽፍበት የእናቴ ፊርማ አለ።

ስርጉት እባላለሁ፤ የማዘጋጃ ቤት መዝጋቢ ነኝ። አሶሳ በየሰፈሩ የጋራ ሶላር ሊተከል ታቅዷል። ሰሌዳዎቹ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፣ ባትሪው ከጀርባው በሚሠራ ክፍል ይቀመጣል፣ የፈረመ ቤት ሁሉ ከዚያ ይካፈላል። ለየሰፈሩ ስንት ሰሌዳና ምን ያህል ባትሪ እንደሚደርሰው የሚወሰነው ደግሞ እያንዳንዱ ቤት «ይህን ይህን እጠቀማለሁ» ብሎ ባስመዘገበው ነው። መዝጋቢ የራሱን ሰፈር እንዳይመዘግብ ስለተከለከለ የእኛን የመዘገበችው የሥራ ጓደኛዬ ሕብረት ናት፤ እኔ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ስዞር ከረምኩ። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሰው የራሱን ሰምቶ «እውነት ነው» ይላል፣ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል። መገልበጡ ስላልተከለከለ በንጹሕ ወረቀት ልገለብጠው ብዬ ነበር ወደ ቤት ይዤው የመጣሁት።

«እማዬ፣ ፍሪጃችን የት ሄደ?» አልኳት።

በሩ ላይ ተቀምጣ ማንጎ ትልጥ ነበር። ወቅቱ ስለሆነ ገበያ ላይ አንድ ባልዲ በሃምሳ ብር ይገኛል፤ እኛ ግቢ ደግሞ ከዛፉ እየወደቀ ይበሰብሳል። ቢላዋዋን አላቆመችም። «የጻፈችው እንደተጻፈ ይሁን» አለችና ዝም አለች። የእናቴን ዝምታዎች አውቃቸዋለሁ፤ የንዴት አለ፣ የድካም አለ፣ አባቴ የሞተ ሰሞን የነበረው አለ። ይሄኛው ከማውቃቸው አልነበረም። ልጣጩን ሰበሰበችና በጨርቅ የተሸፈነች ዘንቢሏን አንስታ «ለዐወድ ቁርሱን ላድርስለት» ብላ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣች።

ጋሽ ዐወድ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ የበርታ ተወላጅ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ገበያው በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አላቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ አንዲት ልጃቸው ኑሃ መንጌ አካባቢ ገጠር አግብታ አምስት ወልዳለች። እናቴ ያቺን ዘንቢል ይዛ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከራት በፊት ወደ እሳቸው ቤት መመላለስ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሰፈሩ ያሽሟጥጣል። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሚስቱ የሞተችበት ወንድ፣ በቀን ሁለት ጊዜ! እኔም አፍ አውጥቼ አልጠየቅኳትም። ተቀየምኩና ዝም አልኩ፤ እሷም ቅያሜዬን አይታ ዝም አለች። እንዲህ ሆነን አንድ ሶፋ ላይ ሁለት ዓመት ተቀመጥን።

የፍሪጁን ነገር ግብር ፈርታ ነው ብዬ ደመደምኩ። የእኛ ሰፈር ሰው መዝጋቢ መጣ ሲባል ዕቃ ይሸሽጋል። እንደ እናቴ ከወሎ በሠፈራ የመጡት በደርግ ጊዜ የተቆጠረ እህል የት እንደሚሄድ አይተዋል፤ በርታ ጎረቤቶቻችንም በበኩላቸው ያዩትን አይተዋል። ከሌላ ክልል ተመድበው የሚመጡት መምህራን እንኳ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ይለምዱታል። ባለፈው ዓመት ቴሌቪዥን ሲቆጠር መምህር ሙሉጌታ ቴሌቪዥኑን አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ «ባለቤቴን አሟት ተኝታለች» አለ። ባለቤቱ ግን በዚያው ቅጽበት ለመዝጋቢዋ ውሃ ይዛ እየገባች ነበር። ሕብረት እስከ ዛሬ ድረስ ስታወራው ትንከተከታለች። ሁላችንም ሳቅንበት እንጂ ነውር ነው ያለ የለም።

ሃያ ብር ከፍዬ በባጃጅ ቢሮ ሄድኩ። ኢንጂነር እዩኤል ብቻውን ነበር። ከአርባ ምንጭ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ለዚህ ዕቅድ ሲባል ከተማው የተዋሰው ወጣት ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሰውን የሚያውቀው በቁጥር በኩል ነው። በሩ ላይ ስደርስ በስልክ ያወራ ነበር። «አዎ፣ አርባ ሁለት ቤት፣ ፍሪጅ ሦስት ብቻ» ይላል። «በጣም ድሃ ሰፈር ነው። ትንሿ ባትሪ ትበቃቸዋለች፤ ትልቋን ለሌላ ሰፈር እናድርጋት።» የበሩን እጀታ ይዤ ቀረሁ። በሰፈራችን ማታ ማታ ሳልፍ ከየአጥሩ ጀርባ ስንት ፍሪጅ እንደሚያጉረመርም ጆሮዬ ያውቃል። «ድሃ» የምትለዋን ቃል ስሰማ እናቴ ያን ዳንቴል በየሳምንቱ አጥባ ስትዘረጋው ታየችኝና ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በእኛ፣ እሱን አላውቅም።

ያልተመዘገበ ፍሪጅ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ነጭ ወረቀት አንስቶ እየሳለ አስረዳኝ። ቀን ፀሐይ እያለች ችግር የለም፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት ግን ሁሉም የሚጠጣው ከባትሪው ነው። ለአንድ አምፖል የተመዘገበ ቤት ለአንድ አምፖል የሚሆን ይደርሰዋል፤ ፍሪጅ ከሰካበት ማብሪያው በራሱ ወድቆ የቤቱን መብራት ያጠፋል። መድኃኒት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ያለው ቤት ደግሞ ቅድሚያ አለው፤ በክረምት ደመና ሳምንቱን ሙሉ ቢውል እንኳ የእነሱ መስመር የሚቋረጠው ከሁሉም በኋላ ነው። «እና የተሳሳተ ካለ አሁን እዚህ ባስተካክለውስ?» አልኩት፣ ድምፄን ቀለል አድርጌ። እዩኤል ራሱን ነቀነቀ። ቀድሞ በሠራበት ከተማ በጓሮ በር እየታረመ፣ ቢሮ ዘመድ ያለው ሁሉ አምስት አምስት ፍሪጅ አግኝቶ፣ ዘመድ የሌለው ጨለማ ውስጥ እንደቀረ ነገረኝ። «እዚህ የሚታረመው ባለቤቱ በራሱ አፍ፣ በጎረቤቱ ፊት ሲናገር ብቻ ነው» አለ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ስገባ መብራት ጠፍቷል። ሙቀቱ ቆርቆሮውን እያንጣጣው ነው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ተንበርክካ ነበር፤ ፊት ለፊቷ አሸዋ የሞላችበት ሰፊ ሸክላ አለ፣ አሸዋው ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች፣ መሀሉ ላይ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችውን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ትቀብራለች። ቆርቆሮዋን አውቃታለሁ። ከፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ የማትነሣ፣ ቅቤ ይቀመጥባታል ብዬ የማስባት ቆርቆሮ ናት፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የቅቤ ሽታ ስለማልወድ ከፍቻት አላውቅም። ለቅቤ ሲባል ግን በዚህ ጥንቃቄ የሚንበረከክ ሰው የለም። ወስጄ ከፈትኳት። ውስጧ ሁለት ትንንሽ ብልቃጥና በፕላስቲክ የታሸጉ ቀጫጭን መርፌዎች ነበሩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ እጇ ላይ ያለው ውሃ በክርኗ በኩል ይወርዳል።

«የዐወድ ነው» አለች። «ስኳር አለበት።»

ከዚያ፣ እዚያው እንደተንበረከከች፣ የሁለት ዓመቱን ነገረችኝ። ጋሽ ዐወድ ስፌት መኪናቸው ላይ ሲወድቁ በባጃጅ ሆስፒታል ያደረሰቻቸው እሷ ናት። መርፌው በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በፊት፣ ዕድሜ ልክ ነው ተባሉ፤ መድኃኒቱ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። እሳቸው ፍሪጅ የላቸውም፣ ራሳቸውንም መውጋት አይችሉም፤ መርፌ ሲያዩ እጃቸው ይርዳል። ኑሃ ከሰማች ደግሞ ነገ መጥታ ትወስዳቸዋለች፤ ገጠሩ ውስጥ መብራት የለም፣ ፍሪጅ የለም። ወይም ደግሞ እሷ ቤቷን ዘግታ አምስት ልጅ ይዛ ትመጣለች። ለማንም እንዳትናገሪ ብለው እናቴን አስማሏት። ኑሃም «አባቴ ከእኛ ይልቅ ከተማ መረጠ» ብላ አኩርፋ ቀረች። ሕብረት ለምዝገባ ስትመጣ ወረቀቷ ላይ «ፍሪጅ ካለ፣ መድኃኒት ይቀመጥበታል ወይ? የማን?» የሚል ጥያቄ ነበር። እናቴ መልሱ በሰው ፊት እንደሚነበብ ታውቃለች። ሁለተኛውን ጥያቄ ሽሽት የመጀመሪያውን ካደች።

እኔም የማታውን መስመር ነገርኳት፤ ማብሪያው እንደሚወድቅ፣ ትልቋ ባትሪ ወደ ሌላ ሰፈር ልትሄድ እንደሆነ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ በሠፈራ መጥታ በወባ ስትወድቅ፣ በአልጋ ተሸክመው ሐኪም ቤት ካደረሷት ጎረምሶች አንዱ ጋሽ ዐወድ ነበሩ። ይህን በየዓመቱ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ግን አላነሣችውም። «አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊው፤ ልጄ አይደለሽ?» አለችኝ። በሕይወቷ ለራሷ ብላ ለምናኝ አታውቅም። አልችልም አልኳት። ቆርቆሮዋን አሸዋው ውስጥ አስተካክላ ቀበረችና ቀሚሷን ልትቀይር ገባች።

ስምንት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልቷል። ሰዉ የማንጎውን ጥላ እየተከተለ ወንበሩን ይጎትታል። ጋሽ ዐወድ ከገበያ በቀጥታ መጥተው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። እዩኤል ማንበብ ጀመረ፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ምልክት አደርጋለሁ። «አምፖል ሁለት፣ ፍሪጅ የለም።» «እውነት ነው።» «አምፖል አንድ፣ ፍሪጅ የለም።» «እውነት ነው።» ሀምዲያ እንኳ፣ በረዶና ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ሽጣ የምታድረዋ ሀምዲያ፣ ዓይኗን ሳታሽ «እውነት ነው» አለች፤ ግማሹ ሰው እጁ ላይ የእሷን ከርከዴ ይዟል። መምህር ሙሉጌታ «እውነት ነው» ሲል ባለቤቱ ወደ ሰማይ ታይ ነበር። እዩኤል ምንም ሳይጠረጥር ያነባል። ሃያ ስድስተኛው ላይ «ብዙወርቅ ይመር፣ አምፖል አንድ፣ ፍሪጅ የለም» አለ።

እናቴ ተነሣች። «ውሸት ነው» አለች። «ፍሪጅ አለኝ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። እንዲህ ያለ ነገር በሰፈራችን ተሰምቶ አያውቅም። እዩኤል ወረቀቱን ገልብጦ፣ እንደሚገባው፣ ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቀ። መድኃኒት ይቀመጥበታል ወይ? ይቀመጣል። የማን? እናቴ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች። ያን ጊዜ ወደ ጋሽ ዐወድ እንዳታይ ብላ ወደ እኔ ስታይ፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ። «የእኔ ነው» አለች። «ስኳር ሕመም አለብኝ።» ሰዉ አጉተመተመ። ሻይዋን በአራት ማንኪያ ስኳር እንደምትጠጣ የማያውቅ ጎረቤት የለም። መምህር ሙሉጌታ ቀስ ብሎ «እትዬ ብዙወርቅ፣ ትናንት እኛ ቤት እኮ…» ሲል ባለቤቱ እግሩን ረገጠችው። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ መጻፍ አቃተኝ።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ ዐወድ ተነሡ። አማርኛን የተማሩት ገበያ ውስጥ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ እናቴን እንደ ወንድ ነው የሚጠሯት። «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች» አሉ። «ብዙወርቅ ይዋሻል። እሱ ስኳር የለውም። ስኳር ያለው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት መድኃኒቴ እሱ ቤት ያድራል። ጠዋት መጥቶ ይወጋኛል፣ ማታ መጥቶ ይወጋኛል። እናንተ ሌላ ነገር ታወራላችሁ።» ሜትራቸውን ከአንገታቸው ላይ አወረዱ። «ወላሂ፣ ሌላ ነገር ቢሆን እኔ እወድ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሀምዲያ ናት፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቁጭ አለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ከሩቅ አይለይም። ሳቁ ሲበርድ ሀምዲያ እጇን አወጣች። «የእኔም ይታረም፤ ሁለት ነው። ትልቁ የበረዶ ነው» አለች። መምህር ሙሉጌታ ተነሥቶ ፍሪጅ አንድ፣ ቴሌቪዥን አንድ ብሎ፣ ባለቤቱ ጤነኛ መሆኗንም አብሮ አስታወቀ። ከዚያ ማን ያቁማቸው? እዩኤል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና አነበበ፣ እኔም እየሰረዝኩ ጻፍኩ። ሃያ ሦስት ፍሪጅ ወጣ። እዩኤል ወረቀቱን አስቀመጠ። «ግብር አይደለም የምቆጥረው። ባትሪው ከተገዛ በኋላ ቢሆን ኖሮ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር» አለ። ቀጥሎም «ትልቋ ባትሪ እዚህ ትተከላለች፤ የእትዬ ብዙወርቅ ቤት ቅድሚያ መስመር ላይ ነው» ብሎ አስጻፈኝ።

እንዲህ ያለ ወሬ ከአሶሳ መንጌ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም። አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ዐወድ ሳሎናችን ተቀምጠው ሳለ ስልካቸው ጠራ። አዩት፣ አላነሡትም። እንደገና ጠራ። «አንሣ» አለች እናቴ። ኑሃ በበርታ ቋንቋ ተናገረች፣ ጮኸች፣ አለቀሰች፤ እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ «አይዋ፣ አይዋ» እያሉ እሺታ ብቻ ይመልሳሉ። ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ሰጧት፤ ድምፁን ከፍ ያደረግሁላት እኔ ነኝ።

«እማማ ብዙወርቅ» አለች ኑሃ። «ነገ እመጣለሁ። አባቴን እወስዳለሁ።»

እናቴ ትከራከራለች ብዬ ነበር። አልተከራከረችም። «እሺ፣ አባትሽ ነው፣ መብትሽ ነው» ብላ ራሷም ያለችውን ሳትሰማው ቀጠለች። «ግን ስሚኝ። መጠኑ ጠዋት አሥራ ስድስት፣ ማታ አሥር ነው። ከምግብ በፊት። በላሁ ይልሻል፣ ሳይበላ ነው የሚልሽ፤ ሳህኑን እዪ። ሆዱን ከዕንብርት በላይ አትውጊው፣ እዚያ አይወድም፤ ቀኝ ከወጋሽ በማግስቱ ግራ። ስትወጊ አውሪው፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ አውሪው፣ ይረሳዋል። ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ስኳር በጥብጠሽ አጠጪው፣ ከኪሱ ከረሜላ አይጥፋ። ቴምር ደብቂበት፤ ይሰርቃል። መድኃኒቱ ፀሐይ አይንካው፣ በረዶም አይሁን። እናንተ ጋ የሚቀዘቅዝበት አለ?» ስልኩ ውስጥ ፍየል ትጮሃለች፣ ሕፃን ያወራል።  ጋሽ ዐወድ ወለሉን ያያሉ። እኔ ደግሞ እናቴን አየኋት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ጋር ሲኖር አላየሁትም፤ ያየሁት ዘንቢሏን ብቻ ነው። አፈርኩ።

«የለም» አለች ኑሃ በመጨረሻ። «እኔም ይህን አላውቅም።»

«ትማሪያለሽ» አለች እናቴ። 

«እንግዲያ አልወስደውም» አለች ኑሃ፣ እሷም እንደ አባቷ እናቴን እንደ ወንድ እየጠራች። «እዚያው አንተ ጋ ይሁን። ግን ነገ እመጣለሁ፣ እማማ። በየወሩ እመጣለሁ። መርፌውን አስተምረኝ።» እናቴ «ነዪ» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስተኛው ላይ ወጣላት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራት መጣ። እናቴ ብልቃጡን አንሥታ መርፌው ውስጥ አሥሩን ቀዳችና ወደ እኔ ዘረጋችው። «ዛሬ አንቺ ውጊው» አለችኝ። መርፌ እንደምፈራ ታውቃለች። «እኔ የማልኖር ዕለት ማን አለው እያልኩ ሁለት ዓመት ስፈራ ኖርኩ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። ለምን አልነገርሽኝም ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ብትጠይቂኝ አልዋሽሽም ነበር።» ትክክል ነበረች። መርፌውን ተቀበልኳት። ጋሽ ዐወድ ሸሚዛቸውን ገለጡ፣ ወደ ጣሪያው አዩ፣ «ይሄ ልጅ ዛሬ ይገለኛል» አሉ። ከዕንብርት በታች፣ በግራ በኩል፣ ቆዳቸውን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። እናቴ ከኋላዬ ስለ ጨርቅ ዋጋ ማውራት ጀመረች። ወጋኋቸው፤ ዓይኔን አልጨፈንኩም።

«አልተሰማኝም» አሉ ጋሽ ዐወድ። በቀኝ ዓይናቸው ጠርዝ ላይ እንባ ቆሟል።

«ውሸታም» አለቻቸው እናቴ፣ ሸሚዛቸውን ወደ ታች እየሳበችላቸው።